ድልድይ አፍራሾች፦ ከጅቡቲ ሐዲድ እስከ ሰባራ ድልድይ

ከጅቡቲ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚያመራው አሮጌው የባቡር መስመር ሥራው የተጀመረው እ.አ.አ. በ1897 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ጥልቅ ሸለቆዎች ስለገጠሙት ረዣዥም የብረት ድልድዮች ተዘርግተውለታል። ከእነዚህ አንዱ የሆልሆል ድልድይ ሲሆን፣ 138 ሜትር ያህል ርዝመትና 29 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

መስመሩን መቁረጥ የፈለገ ኃይል ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በድልድዮቹ ላይ ነበር። በ1941 ወደ ኋላ ያፈገፈገው የኢጣሊያ ጦር በአዋሽ ወንዝ ላይ የነበሩትን ድልድዮች አፈረሰ፤ ይሁን እንጂ በብሪታኒያ የሚመራው ሠራዊት ወንዙን ተሻግሮ ሚያዝያ ወር ሳይጋመስ አዲስ አበባ ገባ። በ1977 ደግሞ የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች የመስመሩን ድልድዮች በፈንጂ በማፍረሳቸው ከጅቡቲ ጋር የነበረው የባቡር ግንኙነት ለወራት ተቋርጧል።

ፈንጂ ፈጣን ነው። በሰላም ጊዜ ያረጀ ድልድይ የማንሣት ሥራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መሠረታዊው ደንብ በመጨረሻ የተሠራውን አስቀድሞ ማንሣት ነው፦ መጀመሪያ ሐዲዱ ወይም አስፋልቱ፣ ቀጥሎ ተሸካሚዎቹ ብረቶች፣ በመጨረሻም ምሰሶዎቹ። አንድ ብረት ሲቆረጥ የተሸከመው ክብደት ወደ ጎረቤቱ ስለሚዛወር፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆረጥ መሐንዲሱ አስልቶ ይወስናል። የጋዝ መቁረጫ የያዘው ሠራተኛ ሌላም አደጋ አለበት። የአሮጌ ድልድዮች ቀለም ብዙውን ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ስላለበት፣ በእሳት ሲነካ የሚወጣው ጭስ ጤናን ይጎዳል።

የድንጋይ ቅስት ደግሞ ከብረትም ይከፋል። ድንጋዮቹ የሚቆሙት እርስ በርስ ተገፋፍተው ነው፤ ጥቂቶቹ ሲወጡ ቀሪዎቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ይደረመሳሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ አፍራሾች፣ ቅስቱ ሲገነባ እንደተደረገው ሁሉ፣ ከሥሩ የእንጨት ወይም የብረት ድጋፍ ያቆማሉ።

ይህን ድጋፍ ማቆም የማይቻልበትን ሁኔታ ለማየት ወደ ዓባይ መሄድ ያስፈልጋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምንና በጌምድርን በሞጣ አቅጣጫ የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የጠላትን ጉዞ ለመግታት በአርበኞች እጅ ተሰበረ። መሣሪያቸው መዶሻና መሮ ነበር። ቆመው የሚፈለፍሉት ደግሞ የሚያፈርሱትን ቅስት ራሱን ነው። ቅስቱ በድንገት ሲደረመስ አርባ ያህል ሰዎች ከነድንጋዩ ወደ ገደሉ እንደወደቁ ይነገራል። ድልድዩም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ ተባለ።

ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ድልድዩ አልተጠገነም። የሁለቱ ዳር ነዋሪዎች ለገበያ፣ ለሕክምናና ለዘመድ ጥየቃ በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳቡ ከስድሳ ዓመት በላይ ተሻገሩ። በ2001 አንድ ሰው በገመዱ ላይ ሲሻገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። ዓባይ በ2005 ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 የተሠራው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል።