የመነኩሴው ሰይፍ

በአገራችን ልማድ ቄስ ጦር ሜዳ የሚወርደው ታቦቱን አጅቦ፣ መስቀሉን ጨብጦ ነው። ዘማቹን ይናዝዛል፤ ለወደቀው ፍትሐት ያደርሳል። ሰይፍ መዝዞ ነፍስ ካጠፋ ግን ቅስናው ፈረሰ። በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ የተነሡ ጥቂት ሰዎች ቆቡንና ሰይፉን አንድ ላይ ለመያዝ ሞክረው ነበር። ቴምፕላሮች ይባላሉ። እስቲ ታሪካቸውን መለስ ብለን እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመስቀል ጦረኞች በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ነዋሪውን ያለ ርኅራኄ ፈጁት። ከተማዋ ትያዝ እንጂ መንገዱ አልተያዘም ነበር። በ1119 የትንሣኤ ሰሞን ወደ ዮርዳኖስ ይወርዱ ከነበሩት ባዶ እጃቸውን የመጡ ተሳላሚዎች 300 ያህሉ ተገደሉ፤ 60 ያህሉ ተማረኩ። ያን ጊዜ ነው ከፈረንሳይ፣ ከሻምፓኝ፣ አገሩን ጥሎ የመጣው ሁግ ዴ ፓየን ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በድህነት፣ በድንግልናና በመታዘዝ ለመኖር፣ ተሳላሚውንም ለመጠበቅ የማለው። ዳግማዊ ባልድዊን የተባለው ንጉሥ በአል አቅሳ መስጊድ ማደሪያ ሰጣቸው። ፈረንጆቹ ቦታውን የሰሎሞን መቅደስ ይሉት ስለነበር ስማቸው ከዚያ ወጣ።

መነኩሴ እንዴት ይገድላል? ጥያቄው የዘመኑን ሰው ሳያስጨንቅ አልቀረም። ገናናው መነኩሴ በርናርድ ዘክሌርቮ፣ የሚገድሉት ሰውን ሳይሆን ክፋትን ነው ሲል ተከራከረላቸው። በ1129 በትሯ ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ ሥርዓት አጸደቀላቸው። ነጭ ካባ ይለብሳሉ፤ በዝምታ ይመገባሉ፤ ከአንበሳ በቀር አደን አይወጡም።

ጥበቃቸው ለወገናቸው ብቻ ነበር እንዳይባል፣ ከወዲያኛው ወገን የመጣ ምስክር አለ። ሶርያዊው መስፍን ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ፣ ወዳጆቹ ቴምፕላሮች በአል አቅሳ አጠገብ ካለች ትንሽ መስጊድ ስፍራ እየለቀቁለት ይሰግድ እንደነበር ጽፏል። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ፈረንጅ ይዞ ፊቱን በግድ ወደ ምሥራቅ አዞረው። ቴምፕላሮቹ ጎትተው አስለቀቁት። ዞር ሲሉ ሰውየው ደገመው። በመጨረሻ አስወጥተው፣ እንግዳ ነውና ሌላ ሰጋጅ አይቶ አያውቅም ብለው ኡሳማን ይቅርታ ጠየቁት። በዚያች ሰዓት አንድም ሰይፍ ሳይመዘዝ አንድ ሰው ተጠበቀ።

ሰይፉ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። መሬት፣ ወርቅና ግምጃ ቤት እየተከተለው መጣ። በግል ደሀ የሆኑት መነኮሳት በማኅበር ባለጠጋ ሆኑ፤ ለነገሥታት ማበደር ጀመሩ፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ሀብትም በፓሪሱ ግቢያቸው ይቀመጥ ነበር። በ1291 አካ ስትወድቅ የሚጠብቁት መንገድ አለቀ። የሚያስጎመጀው ሀብት ግን ቀረ።

ጥቅምት 13 ቀን 1307 አራተኛው ፊሊጶስ በፈረንሳይ ያሉትን ቴምፕላሮች ባንድ ሌሊት አሳፈሳቸው። በግርፋትና በሥቃይ ክደናል፣ ጣዖት አምልከናል አሰኛቸው። በ1310 በፓሪስ አቅራቢያ 54ቱ በእሳት ነደዱ። በ1312 ማኅበሩ ፈረሰ፤ በ1314 የመጨረሻው አለቃ ዣክ ደ ሞሌ የተናገረውን የእምነት ቃል ክዶ፣ ማኅበሩ ንጹሕ ነው ብሎ ተቃጠለ። በ2001 በቫቲካን ቤተ መዛግብት የተገኘ የ1308 ብራና፣ የጳጳሱ መልእክተኞች ለሞሌና ለሌሎች አለቆች ፍትሐተ ኃጢአት ሰጥተዋቸው እንደነበር ይመሰክራል። ከእሳቱ ግን አላዳናቸውም።

ንጹሐንን ሊጠብቁ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች፣ ንጹሐን ሆነው ሲከሰሱ ጠባቂ አጡ። የበርናርድ መልስም እሳት ውስጥ አብሮ ገባ፤ ፊሊጶስም ቢሆን የማቃጥለው ሰውን ሳይሆን ክፋትን ነው ለማለት የሚያግደው አልነበረምና።