በጦርነት ዘመን የተሠሩ የሲጋራ ፓኮዎችና የዘመናቸው አወሳሰን

የታሪክ ምስክር ሁልጊዜ በብራና ላይ ተጽፎ ወይም በድንጋይ ላይ ተቀርጾ አይገኝም። ሰዎች ተጠቅመው የጣሉት ተራ ዕቃ ከመዝገብ ይልቅ ስለ አንድ ዘመን ኑሮ አጥርቶ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ለወታደር ይታደል የነበረው የሲጋራ ፓኮ ከነዚህ ዕቃዎች አንዱ ነው። ሲጋራው ተጨሶ ዐመድ ሆኗል፤ ፓኮው ግን በወታደር ሣጥን ውስጥ፥ በደብዳቤዎች መካከል፥ በቤተ ሰብ ዕቃ ማስቀመጫ ተረስቶ እስከ ዛሬ የቆየ አለ። የወታደር ዕቃ ሰብሳቢዎች በገንዘብ ይገዙታል፤ ቤተ መዘክሮችም በመስተዋት ውስጥ ያስቀምጡታል። ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ አስመሳይ ስለማያጣ፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው፥ የጦርነቱን ዘመን ከኋለኛው ዘመን ለይቶ ማወቅ የታሪክ ጥናት ሥራ ሆኗል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አንድ ፓኮ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም መቼ ተሠራ፥ ለማን ተሠራ፥ በማን እጅ አለፈ የሚሉት ናቸው። ብዙ ስሕተት የሚመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ሁለቱም የተመለሱ ከመምሰላቸው የተነሣ ነው።

1. የቀረጥ ቴምብር

በአሜሪካ ለተሠራ ፓኮ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የቀረጥ ቴምብሩ ነው። ይህ ቴምብር የኒው ዮርክ አገረ ገዥ የነበረው የዴዊት ክሊንተን መልክ ያለበት ሲሆን፥ በፓኮው አናት ላይ ተለጥፎ ፓኮው ሲከፈት እንዲቀደድ ሆኖ የተሠራ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቴምብሩ ላይ የተከታታይ ቁጥር ይታተም ነበር፤ ለዚህ ቁጥር 1830 ሲጨመርበት ቴምብሩ የወጣበት ዓመት ይገኛል። ስለዚህ 110 ማለት 1940፥ 112 ማለት 1942፥ 115 ማለት 1945 ነው። የመጨረሻው ቁጥር 125 ሲሆን፥ ከ1955 ጀምሮ ቴምብሩ እስከ ቀረበት እስከ 1959 ድረስ አገልግሏል።

ይህ ስሌት ቀላል ቢሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ቁጥሩ የሚናገረው ቴምብሩ ስለ ወጣበት ዓመት እንጂ ሲጋራው ስለ ተጨሰበት ቀን አይደለም። ፋብሪካው ካለፈው ዓመት የተረፈውን ቴምብር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፓኮውም በመደብር ውስጥ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ቁጥሩ ፓኮው ከዚያ ዓመት በፊት አለመዘጋጀቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ደግሞም ቴምብር ከአንዱ ፓኮ ተነሥቶ በሌላው ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል፥ የቴምብሩ ቅዳጅ ከወረቀቱ ቅዳጅ ጋር መግጠሙን፥ የሙጫውም አሻራ በቦታው መሆኑን መመልከት ይገባል።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ሌላ ነገር አለ። ወደ ውጭ አገር ለዘመተው ጦር የተላከው ሲጋራ ከቀረጥ ነጻ ስለ ነበረ፥ በዚህ ፓኮ ላይ የሚገኘው ነጻ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ እንጂ ተራው የቀረጥ ቴምብር አይደለም። ቴምብሩ ሙሉ የሆነ ፓኮ ለሰብሳቢ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ቴምብር ሲጋራው በአሜሪካ ምድር ለሚገዛ ሰው የተዘጋጀ መሆኑን ይመሰክራል። እርግጥ ነው፤ እናት ለልጇ፥ ሚስት ለባሏ ከሰፈር ሱቅ ገዝታ ልትልክ ትችል ነበር። ቢሆንም «ከጦር ሜዳ የተገኘ» ተብሎ የቀረበ ባለ ቴምብር ፓኮ፥ ከጦር ሜዳ መገኘቱን የሚያስረዳ ሌላ ምስክር ካልመጣለት በቀር በጥርጣሬ መታየት አለበት።

2. የቀለም መለወጥና የኩባንያው ትርጓሜ

ከፓኮ ለውጦች ሁሉ ስሙ የታወቀው የላኪ ስትራይክ ነው። የዚህ ሲጋራ ፓኮ ለብዙ ዓመታት ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በመካከሉ ቀይ ክብ ነበረው። በ1942 መጨረሻ ላይ አረንጓዴው ቀርቶ ነጭ ሆነ። ሠሪው የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ የላኪ ስትራይክ አረንጓዴ ቀለም ወደ ጦርነት ዘምቷል እያለ በራዲዮ አስነገረ፤ ለቀለሙ የሚገባው ማዕድን ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ ኩባንያው ለአገሩ ሲል የራሱን መልክ እንደ ሠዋ ሕዝቡ እንዲያምን አደረገ።

ነገሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረመር ግን ሌላ ምክንያት ይታያል። ሴቶች አረንጓዴው ፓኮ ከልብሳቸው ቀለም ጋር አይስማማም ይሉ ስለ ነበረ፥ ኩባንያው በ1934 በኤድዋርድ በርኔስ ምክር አረንጓዴ ቀለምን የዘመኑ ፋሽን ለማድረግ ዘመቻ አድርጎ ነበር። ከጦርነቱም አስቀድሞ የኩባንያው አለቃ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ፓኮውን እንዲያሻሽል ሬይመንድ ሎዊ የተባለውን የቅርጽ ሊቅ ጠርቶታል። ሎዊም መደቡን ነጭ አድርጎ ቀዩን ክብ በፓኮው ፊትና ጀርባ አኖረው፤ ፓኮው በጠረጴዛ ላይ በየትኛውም ፊት ቢወድቅ ምልክቱ እንዲታይ ማለት ነው። እንግዲህ ለውጡ አስቀድሞ የታሰበ ነበር፤ ጦርነቱ ምቹ ጊዜና ያማረ ምክንያት ሰጠው።

ይህ ለዘመን ወሳኙ ጥቅም አለው። አረንጓዴ ፓኮ ከ1942 መጨረሻ በፊት፥ ነጩ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው ብሎ መመደብ ይቻላል። አንድ አረንጓዴ ፓኮ በሰኔ 1944 ኖርማንዲ በወረደ ወታደር ኪስ ነበር ቢባል ፈጽሞ የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን የማስረዳቱ ሸክም በባለ ታሪኩ ላይ ይወድቃል። ለታሪክ ጸሐፊም ትምህርት አለበት፤ ዕቃው ስለ ራሱ የሚናገረው ታሪክ፥ በተለይ ሻጩ ያስነገረው ሲሆን፥ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ መመርመር ይገባዋል።

3. ባለ አራት ሲጋራ ፓኮ

ከ1942 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር «ኬ» በተባለው የስንቅ ሣጥን ውስጥ አራት ሲጋራ የያዘ ትንሽ ፓኮ ያስገባ ነበር። ይህ ትንሽነቱ ራሱ የወታደር ዕቃ መሆኑን ስለሚመሰክር ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ስሕተቱም የበዛው እዚሁ ላይ ነው። የ«ኬ» ስንቅ በ1948 ቢቀርም፥ በ1958 የወጣውና በቬትናም ጦርነት የታደለው ስንቅም እንዲሁ አራት ሲጋራ የያዘ ፓኮ ነበረው፤ ሲጋራ ከአሜሪካ ጦር ስንቅ የወጣው በ1975 ነው። ስለዚህ የሲጋራው ቁጥር ብቻውን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን አያረጋግጥም።

እዚህ ላይ የሚረዳው የሲጋራው ስም ነው። ዊንስተን በ1954፥ ሳሌም በ1956 ወጡ፤ እነዚህ ስሞች ያሉበት ፓኮ የ1944 ሊሆን አይችልም። ጫፉ ማጣሪያ ያለው ሲጋራም በብዛት የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው። ጤናን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ ፓኮ ላይ የግድ የሆነው ከጥር 1 ቀን 1966 ጀምሮ ነው። ለፊልምና ለትርኢት ተብለው በቅርብ ጊዜ የታተሙ ቅጂዎችም አሉ፤ እነዚህም ወረቀታቸው እጅግ የነጣ፥ እጥፋታቸው ያልሻከረ፥ የትምባሆ ሽታና ወዝ ያልነካቸው በመሆናቸው ይለያሉ።

4. በዕቃው ላይ የተጻፈ ዓመት

በእንግሊዝ በኩል ያለው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። በጥቅምት 1914 በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ልጅ በልዕልት ሜሪ ስም ገንዘብ ተሰብስቦ፥ ለወታደሮችና ለመርከበኞች የገና ስጦታ የሚሆን የነሐስ ሣጥን ተሠራ። ለሚያጨሱት ትምባሆና 20 ሲጋራ፥ ለማያጨሱት የጽሕፈት መሣሪያና ከረሜላ፥ ለሕንድ ወታደሮች እንደ ሃይማኖታቸውና እንደ ልማዳቸው ቅመማ ቅመምና ጣፋጭ ተሰጠ። ይህ ክፍፍል መንግሥቱ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ልማድ በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዴት እንዳስተናገደ የሚያሳይ በመሆኑ ለባህል ጥናትም ይጠቅማል።

በሣጥኑ ክዳን ላይ «ገና 1914» የሚል ተቀርጿል። ይሁን እንጂ ስጦታው ለሚገባቸው ሁሉ በዚያ ገና ሊደርስ አልቻለም። የነሐስ እጥረት ሥራውን አዘገየው፤ በግንቦት 1915 ሉሲታንያ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም ለዚሁ ሥራ የተጫነ ነሐስ አብሮ ሰጠመ። ሣጥኖቹ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሲሆኑ፥ እደላው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እስኪፈጸም ድረስ በሁሉም ላይ ያው 1914 ተቀርጾ ነበር። እንግዲህ የተቀረጸው ዓመት የስጦታውን አሳብ እንጂ የእያንዳንዱን ሣጥን መሠራትና መታደል አያመለክትም።

5. ፓኮው እንደ ገንዘብ

የተከፈተና የተሻሸ ፓኮ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ በታሪክ ዘንድ ግን ከፍ ሊል ይችላል። በጀርመን እስረኛ የነበረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አር. ኤ. ራድፎርድ በ1945 ባወጣው ጽሑፍ፥ በእስረኞች ሰፈር ሲጋራ የዳቦና የልብስ መግዣ ገንዘብ ሆኖ እንደ ነበረ ገልጿል። ከጦርነቱ በኋላም በጀርመን አገር እስከ 1948 የገንዘብ ለውጥ ድረስ የአሜሪካ ሲጋራ በጥቁር ገበያ ይመነዘር ነበር። ሳይከፈት የቀረ ፓኮ ስለዚህ የማያጨስ ሰው ቅሪት ብቻ ሳይሆን የተቀመጠ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

6. ስለ ኢትዮጵያ

ይህ የመመርመሪያ ዘዴ ለኢትዮጵያም ይጠቅማል። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን ከገቡት የኢጣልያ ኅትመቶች ብዙዎቹ በሮማ ቁጥር የተጻፈ የፋሽስት ዓመት አለባቸው፤ ይህም ከጥቅምት 1922 መጨረሻ ጀምሮ የሚቆጠር ስለ ሆነ፥ አሥራ አራተኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው ነው። በፓኮ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢገኝ፥ ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ ከሁለት ዓመት ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ማስተዋል ያሻል። ከ1951 ጀምሮ በኮርያ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ስንቃቸውን ያገኙ የነበረው ከአሜሪካ ጦር ነው። ከእነርሱ ቤት የሚገኝ ፓኮ የ112 ቴምብር ቢኖረው፥ የኮርያ መታሰቢያ ነው ብሎ ከመመዝገብ በፊት እንዴት እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባል፤ ለዚያ ዘመን የሚስማማው ቁጥር 121 ወይም ከዚያ የሚቀርበው ነውና።

ለዚህም ነው ከዕቃው ጋር የባለቤቱ ቃል መጻፍ ያለበት። ወረቀቱ መቼ እንደ ተሠራ ሊቅ ሊያውቅ ይችላል፤ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያውቀው ግን ያስቀመጠው ሰው ነው። ዕቃው ተጠብቆ ቃሉ ከጠፋ የሚቀረው የንግድ ሸቀጥ ነው። የሽማግሌ ወታደሮች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ በሚሄድበት ጊዜ ሳይዘገይ መጠየቅ ያለበትም ይህ ቃል ነው።