የፊደል ትምህርትና ጸንቶ የሚቆይ ዕውቀት

አዲስ ዕውቀት በሰው ዘንድ ሥር የሚሰደው የተማረውን በየዕለቱ ሲሠራበት ነው። የአገራችን የትምህርት ታሪክ ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይሰጣል።

በጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ከፊደል ቆጠራ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሸጋገር ነበር። የታችኛው ደረጃ በላይኛው ውስጥ ስለሚደጋገም አይዘነጋም፤ ዳዊት የደገመም ንባቡን በየማለዳው ጸሎት ይገለገልበታል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በስፋቱ ወደር አልነበረውም። ትምህርቱ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች በመሰጠቱ ብዙ ጎልማሶች በአፍ መፍቻቸው ፊደል ለዩ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ሩብ ያህል እንኳ አልሞሉም። ጦርነቱና ችግሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የምስክር ወረቀት የተቀበለው ገበሬ በመንደሩ የሚያነበው ጽሑፍ ማጣቱ አንዱ ምክንያት ነበር።

የመማር ፍቅርም የሚጸናው ዕውቀቱ ሲጠቅም በመታየቱ ነው። ስለዚህ ዐቃጁ የመማሪያውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ከትምህርቱ በኋላ የሚነበበውን አብሮ ሊያስብ፣ መምህሩም ተማሪው ዛሬ የተማረውን ነገ የሚሠራበትን ዘዴ ሊሻ ይገባል።