የመዝገብ ቀን በፊልድና በፕሮፐርቲ መካከል

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መሥሪያ ቤት ቀን የሚጽፍ ሠራተኛ ዓመቱን በመስከረም ይጀምራል፤ የዳታቤዝ የቀን ዓይነት ግን ጎርጎርዮሳዊውን ብቻ ያውቃል። ልወጣው የት ይሁን? ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 መልስ አለው። ይህ በጃቫ የተጻፈ ሥርዓት ክላሶቹን ከሰንጠረዦች ጋር የሚያዛምደው በሃይበርኔት ሲሆን፣ ውስጡ ጎርጎርዮሳዊ ቀን ይይዛል፤ ኢትዮጵያዊው አቆጣጠር የሚመጣው ለተጠቃሚው በሚታየው በኩል ነው።

ሃይበርኔት ወደ ኦብጀክት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፦ ፊልዱን በቀጥታ በመንካት፣ አለዚያም በጌተርና በሴተር (በፕሮፐርቲ) በማለፍ። ሃይበርኔት በሚከተለው፣ ጄፒኤ በተባለው የጃቫ ደንብ ምርጫውን የሚወስነው የማዛመጃ ምልክቱ (አኖቴሽኑ) የተቀመጠበት ቦታ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄፒኤ 2.0 ለእያንዳንዱ ፊልድ ለይቶ መወሰንንም ፈቅዷል። ብዙ ፕሮግራመር ግን ምልክቱን በልማድ ያስቀምጠዋል፤ ይህ ያሳስበኛል።

የጃቢ ጠህናን ወረዳን የመሬት ይዞታ የሚመዘግብ ክላስ እናስብ። የቀን ዓይነቱ ጥቅምት 30ንም (የ2ኛውን ወር 30) ጳጉሜንንም (13ኛውን ወር) ስለማይቀበል ፕሮግራመሩ ቀኑን በጽሑፍ ይይዛል። ሴተሩ የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ ወደ ጎርጎርዮሳዊ ይለውጣል፤ ጌተሩ የተለወጠውን ይመልሳል። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ሆኖ ይቀመጣል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ዝምድናው በፕሮፐርቲ ከሆነ ግን ሃይበርኔት መዝገቡን ሲያነብም ያንኑ ሴተር ይጠራል። ሴተሩም 9ኛውን ወር ግንቦት ብሎ ቀኑን ሜይ 20 ቀን 2027 ያደርገዋል። ሥራው ሲጠናቀቅ ሃይበርኔት መጀመሪያ ያነበበውን ከአሁኑ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ስላገኘም ማንም ሳያዘው የተሳሳተውን ይጽፋል። በቀጣዩ ንባብ ቀኑ ጃንዋሪ 28 ቀን 2035 ይሆናል። የስህተት መልእክት የለም። በውርስ የሚከራከሩ ወገኖች ማን ቀድሞ እንደተመዘገበ ሲጠይቁ መዝገቡ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ጥፋቱ የፕሮፐርቲ አይደለም፤ ሴተሩ የሰውን ግቤት ከዳታቤዝ ንባብ መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ፊልዱ ላይ ይቀመጥ፣ ሴተሩም ለሰው ብቻ ይተው። ልወጣው ከዳታቤዝ ጋር መሆን ካለበት በጄፒኤ 2.1 የመጣው መለወጫ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን በአንድ ቦታ ይይዛል። አስቀድሞ በፕሮፐርቲ የተገነባ ሥርዓት ላይ ግን ምልክቱን ማዛወር የተጻፈውን አያርምም፤ እያንዳንዱ ቀን በገበሬው እጅ ካለው የይዞታ ደብተር ጋር መመሳከር አለበት።