ቅኝት፣ ኮርድና የደራሲው ስም

በትርፍ ጊዜያቸው ጊታር ወይም ኪቦርድ የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱትን ዘፈን የሚለዋወጡት ኮርዱን ከግጥሙ በላይ እየጻፉ ነው፡፡ ለአማርኛ ዘፈን ግን ኮርድ ብቻውን አይበቃም፤ ቅኝቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፡፡

አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፡፡ ከዶ የሚነሳ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ሲሆን፣ ከእነዚህ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ይወጣሉ፡፡ በውጭ ዘፈኖች የተለመዱት ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ግን በቅኝቱ የሌሉትን ፋንና ሲን ያስገባሉ፡፡ ከዶ የሚነሳው አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት በመሆኑ የሚስማሙት ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፡፡ ከቅኝት መውጣት ክልክል አይደለም፤ ሳያውቁ መውጣት ግን የዘፈኑን ለዛ ያጠፋል፡፡

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ሥርዓትን ወይም ዘዴን አይጠብቅም፡፡ ስለሆነም የትዝታ ቅኝት የማንም የግል ንብረት ሊሆን አይችልም፡፡ በቅኝቱ የተደረሰው ወጥ ዜማና ግጥም ግን ባለቤት አለው፡፡ የኢኮኖሚ መብቱ በመርህ ደረጃ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል፡፡ የሥራው አመንጪ ሆኖ የመታወቅ መብትም አለው፡፡

በተግባር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ ነው፡፡ ኮርድ ጽፎ የሚያቀብል ሰው ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁንና የዜማና የግጥም ደራሲዎቹን ስም ከላይ ቢያሰፍር ሙዚቃውንም ባለመብቱንም ያከብራል፡፡