ያደረ ጥገና፦ የኮሌጆች መስፋፋትና የግቢ አስተዳደር ወጪ ታሪክ

አንድ የኮሌጅ ሕንፃ ተሠርቶ በሚመረቅበት ዕለት የክብር እንግዶች ይጋበዛሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ መራቂው ስማቸውና ዘመኑ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሰሌዳ ይገለጣል። በማግስቱ ግን እንግዳው ሁሉ ተበትኖ ሕንፃው ከዘበኛው፣ ከጽዳት ሠራተኛው፣ ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ጋር ይቀራል። ዋናው ወጪ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። አንድ ሕንፃ በሚያገለግልባቸው ሃምሳና ስድሳ ዓመታት ውስጥ ለመብራቱ፣ ለውሃው፣ ለጽዳቱ፣ ለጥገናውና ለዕድሳቱ የሚወጣው ገንዘብ ለግንባታው ከወጣው እንደሚበልጥ የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ያውቁታል። ይሁን እንጂ የግንባታው ዋጋ በውል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የከፍተኛ ትምህርት ገና ጀማሪ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ገደማ መቀሌ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ደቡብ ተጨመሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዐሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከአርባ በላይ ነው።

በዚህ ፍጥነት ግቢ ያስፋፋን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። አሜሪካ ከእኛ አርባ ዓመት ያህል ቀድማ በዚሁ መንገድ አልፋለች። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ራሱ የተቋቋመው በ1944 ዓ.ም. ከኦክላሆማ የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት መሠረት ነበር። እንግዲህ ኮሌጅ የመመሥረቱን ዘዴ በከፊል ከዚያ ወስደናል፤ የተመሠረተው ሲያረጅ በዚያ የደረሰውን ግን ብዙም አልመረመርንም። ቀጥሎ በሚቀርበው የአሜሪካ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስፋፋት ዘመን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከማብቃቱ በፊት፣ በ1944፣ የአሜሪካ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍን ሕግ አወጣ። በ1947 ወደ ኮሌጅ ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ክፍል ስለጠበበ ከጦር ሠፈር የተነሡ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች ወደየኮሌጁ ተጓጉዘው ማደሪያና መማሪያ ሆኑ። ለጊዜው ተብሎ የሚሠራ ቤት ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረውን አንድ ሕንፃ መጥቀስ ይበቃል፦ በጦርነቱ ወቅት በ1943 ለጊዜያዊ አገልግሎት ከእንጨት የቆመው ይህ ሕንፃ የፈረሰው በ1998 ነው።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ለኮሌጅ ሲደርሱ ነበር። በ1959 3.6 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የተማሪ ቁጥር በ1970 8.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ1963 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕንፃዎች ሕግ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተ ሙከራና ለመማሪያ ክፍሎች ግንባታ የፌዴራል መንግሥት ርዳታና ብድር እንዲሰጥ ፈቀደ። ሕንፃውን ከምረቃው በኋላ የማኖሩ ሸክም ግን ለየኮሌጁ ተተወ።

ርካሽ ነዳጅ የሠራቸው ሕንፃዎች

በዚያ ዘመን የተነደፉት ሕንፃዎች ነዳጅና ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ርካሽ ሆነው እንደሚኖሩ በማመን የተሠሩ ነበሩ። ግድግዳው ስስ፣ መስታወቱ ነጠላ፣ መስኮቱ የማይከፈት ነበር። የአንድ ፎቅ መብራት ሁሉ በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠራባቸው ሕንፃዎች ነበሩ። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችም ብዙ ለሚጠቀም ደንበኛ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይቀንሱ ስለነበር መቆጠብ ጥቅሙ አይታይም ነበር።

የዘመኑን መንፈስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የአየር ማስተካከያው አሠራር ነው። በብዙ ሕንፃዎች አየሩ በማዕከል እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲቀዘቅዝ ይደረግና፣ ወደየክፍሉ ሲደርስ እንደየክፍሉ ፍላጎት እንደገና እንዲሞቅ ይደረግ ነበር። እንግዲህ አንዱን አየር መጀመሪያ ለማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ለማሞቅ ሁለት ጊዜ ይከፈል ነበር ማለት ነው። ይህ እንደ ስሕተት አልተቆጠረም፤ የክፍሎችን ሙቀት በትክክል ለመቈጣጠር የሚያስችል ጥሩ ንድፍ ተብሎ ይመሰገን ነበር።

የ1973 ዱብ ዕዳ

በኦክቶበር 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ ዐረብ የነዳጅ አምራች አገሮችም ለአሜሪካ ነዳጅ እንዳይሸጥ አገዱ። ሦስት ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዐሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኖቬምበር ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ የቤቱን ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ዝቅ እንዲያደርግ ጠየቁ። ኮሌጆችም የኮሪደር አምፖሎችን አወጡ፣ ማታ ማታ ማሞቂያውን ዘጉ፤ አንዳንዶቹም የገናን ዕረፍት አራዘሙ።

ዳሩ ግን ሒሳቡ ከዚህ ሁሉ ቁጠባ ይበልጥ ነበር፤ ገንዘቡ ከአንድ ቦታ መገኘት ነበረበት። የመምህራንን ደመወዝ መከልከል አይቻልም፤ የነዳጅና የመብራት ሒሳብም ካልተከፈለ ይቋረጣል። የጣራ ዕድሳት ግን ለከርሞ ሊተላለፍ ይችላል። ጣራ አቤቱታ አያቀርብም፤ ቧንቧም ሥራ አያቆምም፣ እስኪፈነዳ ድረስ። ስለዚህ በብዙ ኮሌጆች የነዳጁ ዋጋ ጭማሪ የተከፈለው ከጥገናው በጀት ተቀንሶ ነው። በጊዜው ሳይሠራ ከዓመት ወደ ዓመት የተላለፈውን ሥራ ሁሉ «ያደረ ጥገና» ልንለው እንችላለን፤ እንደ አራጣ ብድር በየዓመቱ ይወልዳልና።

የዚህ አሠራር ጉዳት የሚታየው የጥገናንና የኃይልን ወጪ አንድ ላይ ስንመረምር ነው። ጣራው ሲያፈስ ሙቀት የሚያግደው ንጣፍ ይርሳል፤ የራሰ ንጣፍ ደግሞ ሙቀት አያግድም። ከእንፋሎት መስመር ላይ የቀዘቀዘውን ውሃ ብቻ የሚያስወጣው ትንሽ ዕቃ ሲበላሽ ትኩሱ እንፋሎት ያለ ጥቅም ያልፋል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ማራገቢያው ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል። በመሆኑም ለነዳጅ ተብሎ ከጥገና የተነሣው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት የነዳጁን ሒሳብ መልሶ ያሳድገዋል። ሁለቱ የበጀት ርእሶች በወረቀት ላይ ቢለያዩም በሕንፃው ውስጥ አንድ ናቸው።

ሒሳቡ ሲቀርብ

በ1978 የአሜሪካ ምክር ቤት ሁለት ጠቃሚ ሕጎች አወጣ። አንደኛው ለትምህርት ቤቶችና ለሆስፒታሎች የኃይል ቁጠባ ሥራ ተቋሞቹ ከሚያወጡት ጋር የሚደመር ርዳታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ርዳታው ከመገኘቱ በፊት ሕንፃው በባለሙያ እንዲመረመር ያስገድድ ነበር። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከአንድ ማገዶ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን በአንድነት ከሚያመነጩ ተቋሞች ኃይል እንዲገዙ አዘዘ። በምርመራው ጊዜ ከታዩት ነገሮች አንዱ እጅግ ቀላል ነበር፦ በብዙ ግቢዎች ለሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዋና ቆጣሪ ብቻ ስለነበር የትኛው ሕንፃ ምን ያህል እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቆጣሪ የሌለው ሕንፃ ኃላፊም የለውም።

ያደረው ጥገና ግን በዚህ አልተቃለለም። በ1914 በቺካጎ የተመሠረተው የኮሌጆች ሕንፃና ግቢ ኃላፊዎች ማኅበር ከኮሌጆች የገንዘብ ኃላፊዎች ማኅበር ጋር ሆኖ በ1989 ባወጣው ጥናት፣ የአገሪቱ ኮሌጆች ለዕድሳትና ለመተካት 60 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከዚህም ውስጥ 20 ቢሊዮኑ ለአስቸኳይ ሥራ መሆኑን አስታወቀ። በዓመቱ፣ በ1990፣ የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ለመንግሥት ሕንፃዎች የሚሆን መለኪያ አቀረበ፤ ይኸውም ለመደበኛ ጥገናና እድሳት በየዓመቱ ሕንፃው ዛሬ እንደገና ቢሠራ ከሚያወጣው ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ መመደብ አለበት የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ መልካም ምሳሌዎችም ታይተዋል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2000 ከካዩጋ ሐይቅ ጥልቅ ክፍል በሚቀዳ 4 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ግቢውን ማቀዝቀዝ ጀምሮ፣ ለማቀዝቀዣ ይወጣ ከነበረው ኃይል ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2001 የ3 ሚሊዮን ዶላር ተዘዋዋሪ ገንዘብ አቋቋመ፤ ክፍሎች ለቁጠባ ሥራ ከዚህ ይበደራሉ፣ ብድሩንም ከቆጠቡት ሒሳብ ይመልሳሉ። ገንዘቡ በኋላ ወደ 12 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው ሐይቅ ይጠይቃል፤ የሁለተኛው ዘዴ ግን የተጣራ የሒሳብ መዝገብና ቆጣሪ ብቻ ስለሚጠይቅ በየትኛውም አገር ሊሠራ ይችላል።

የእኛ ድርሻ

በእርግጥ የእኛ ግቢዎች ከአሜሪካዎቹ ይለያሉ። በደጋው አገር ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ብዙ አያሻንም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በአንጻሩ ተማሪዎቻችን በአብዛኛው በግቢ ውስጥ የሚያድሩና የሚመገቡ ስለሆነ የኃይሉ ወጪ የሚበዛው በወጥ ቤት፣ በእንጀራ መጋገሪያ፣ በውሃ መሳቢያ ፓምፕና መብራት ሲጠፋ በሚነሣው ጄኔሬተር ላይ ነው። እንደ ሠመራና ጋምቤላ ባለው ቆላ ደግሞ የሙቀቱ ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የእኛ «1973» በአንድ ወቅት አልመጣም፤ በየደረጃው መጣ እንጂ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር ተደረገ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀመረ። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንሥቶ መቀነስ ጀመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ፓምፕ፣ አምፖልና መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። እንግዲህ በየግቢው በጀት ዘጋጆች ፊት የቀረበው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነው፦ ጭማሪው ከየት ይከፈል?

ለምሳሌ ያህል ዛሬ እንደገና ቢሠራ 500 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የማደሪያ ሕንፃ እናስብ። ከላይ በተጠቀሰው መለኪያ በየዓመቱ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ብር ለጥገና ያሻዋል። ይህ ለዐሥር ዓመት ካልተመደበ፣ የዋጋ ንረቱን ሳንቈጥር፣ ያደረው ዕዳ ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሕንፃው ከሃያ ዓመት በፊት በተሠራበት ዋጋ ካሰላነው ግን ዕዳው ጥቂት መስሎ ይታያል፤ መዝገቡም ያታልለናል።

ከታሪኩ የምንወስደው ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሕንፃ፣ ይልቁንም ለየወጥ ቤቱ፣ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ጣራው፣ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደሚታደስ የሚያሳይ መዝገብ ይዘጋጅለት። የጥገናውም በጀት ዓመቱ ሲጠብ ወደ ሌላ ርእስ የማይዛወር ይሁን፤ ከኃይል ቁጠባ የተገኘው ገንዘብም ለቆጠበው ግቢ ጥገና ይመለስ። አዲስ ሕንፃ ለማሠራት የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ የዐሥር ዓመት የማስተዳደሪያ ወጪውን ይዞ ቢቀርብ፣ ምናልባት ከሦስት አዳዲስ ሕንፃዎች ይልቅ ሁለት ሠርቶ ነባሩን ማደስ እንደሚሻል የሚታይበት ጊዜ ይኖራል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ሰኔ ሳይገባ ጣራ ላይ ወጥቶ አሸንዳ የሚጠርገው ሠራተኛ ስሙ በእብነ በረድ አይቀረጽም። ነገር ግን እሱ ዘንድሮ መሰላልና የቀን አበል ከተከለከለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምንጠየቀው የጣራውን ዋጋ ነው።