የካርቲየ 2 ቤተ ሰቦች የክረምት ጉዞ ታሪክ

«ክረምት» የሚለው ቃል ለሸዋና ለጐጃም ገበሬ ዝናብን፣ ጭቃንና የሞላ ወንዝን የሚያሳስብ ሲሆን፣ በጅቡቲ ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ትርጓሜው ፍጹም ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ በዚያች የባሕር ዳር ከተማ ዝናብ እምብዛም አይታይም፤ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ በኩል አቧራ እያነሣ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም በሐምሌ ወር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቅሙ የፈቀደለት ቤተ ሰብ ሁሉ ዕቃውን ሸክፎ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ገጠርና ወደ ደጋ ይወጣል። ይህ ጉዞ ሙቀትን ለመሸሽ ብቻ የተፈጠረ የከተሜ ልማድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ታሪኩን ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ ከከተማይቱ ዕድሜ እንኳ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል።

ጅቡቲ የተቈረቈረችው በ1888 ነው፤ በ1896ም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አውሮፓውያን ነፋሻውን ከፍታ ለራሳቸው ሲይዙ፣ የአገሩ ተወላጅና መጻተኛው ሠራተኛ ግን ከሐሙዲ መስጊድ በስተ ደቡብ በተዘረጉት፣ ከስም ይልቅ ቍጥር በተሰጣቸው ሰፈሮች ሰፈረ። ካርቲየ 2 ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚያ ኢሳው፣ አፋሩ፣ የመናዊው ነጋዴና ከኢትዮጵያ የወረደው የምድር ባቡር ሠራተኛ በእንጨትና በቆርቆሮ ቤቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። በክረምት ሌሊት ቆርቆሮው የቀኑን ትኩሳት ስለማይለቅ አልጋ ወደ ግቢና ወደ መንገድ ዳር ማውጣት የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነበር።

የጉዞው ሥር ግን ከሰፈሩ ውጭ ነው። በዚያ አገር ሰማዩ ራሱ ሕዝቡን አዘዋዋሪ ነው። በባሕሩ ዳር የምትጥለው ጥቂት ዝናብ በብዛት የምትገኘው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ወራት ሲሆን፣ በውስጡ አገርና በተራሮቹ ላይ ግን ዝናቡ የሚወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ይህን የክረምት ዝናብ ሶማሌዎች «ከረን»፣ አፋሮች ደግሞ «ከርማ» ይሉታል። አርብቶ አደሩ እንግዲህ በበጋ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ በክረምት ከግመሉና ከፍየሉ ጋር ወደ ከፍታው ይመለሳል። የወደብና የምድር ባቡር ሥራ ሲከፈት ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም ወደ ከተማ ገብቶ ደመወዝ ሲይዝ ሌላው ከመንጋው ጋር ቀረ። ይሁን እንጂ ቤቱ አልተከፈለም። የከተማው ወንድም ስኳርና ጨርቅ ይልካል፤ የገጠሩ ቅቤና ከብት ይሰጣል፤ ክረምት በገባ ጊዜም ልጆቹ ወደ አያቶቻቸው ይሄዳሉ። የካርቲየ 2 ቤተ ሰብ የክረምት ጉዞ እንግዲህ የቀድሞው የአርብቶ አደር ዘመን አቈጣጠር በከተማ ውስጥ የቀረ ቅርስ ነው።

ይህን ጉዞ ያቀለለው ምድር ባቡሩ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የመሥሪያውን ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ያሠሩት ሰዎች ዋና አሳብ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ማውረድ፣ የውጭ አገር ሸቀጥ ወደ ደጋ ማውጣት ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ለራሱ ጉዳይም ተጠቀመበት። ከጅቡቲ የተሳፈረ ቤተ ሰብ በሆልሆል የብረት ድልድይ አልፎ፣ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዓሊ ሳቢሕ ሊወርድ ይችላል፤ ወይም ወሰኑን በደወሌ ተሻግሮ ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ያለችውን ድሬዳዋን ይደርሳል። ሌሎች ደግሞ በመኪና ወደ አርታ ኰረብታ፣ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው የጎዳ ተራራና የዳይ ደን ይወጣሉ።

በዚያ የሚጠብቃቸው ኑሮ ዕረፍት ይባል እንጂ ሥራ የሌለበት አይደለም። የኢሳ ሴቶች ግመል የሚጫነውን የአቃል ቤት ሰሌን ሲጐነጉኑ ሴት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ እጇን ታሠለጥናለች፤ ወንድ ልጅ ግልገል ሲጠብቅ ይውላል፤ እያንዳንዷን ፍየል በመልኳና በእናቷ ለይቶ ማወቅ ይማራል። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላልና ወተት ይትረፈረፋል፤ ወተት ከተትረፈረፈም እንግዳ መቀበል አያስቸግርም። ስለዚህ በበጋ ተበታትነው የከረሙ ዘመዳሞች የሚገናኙት፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ በጨረቃ ዘፈንና ጭፈራ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወራት ነው። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት፣ ካሣ የሚቈርጡበት የኢሳ ልማዳዊ ሕግ፣ «ሔር» የሚባለው፣ ያለ መጽሐፍ በቃል ሲተላለፍ የኖረው ልጆች በዳር ሆነው እየሰሙ ነው። ይህ ሕግ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ሀብት ሆኖ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ዓለም ያወቀው አሁን ቢሆንም የከተማ ልጆች በክረምት ጉዟቸው ሲማሩት ኖረዋል።

በጅቡቲ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ክረምቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ድሬዳዋ የደረሰ ምእመን ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይወጣል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም እንዳሠሩት ይነገራል። ከዚያ በኋላ የፍልሰታ ጾም ይገባል፤ ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ከበር ወደ በር እየዞሩ ዘፍነው ሙልሙል ይቀበላሉ። በቆርቆሮ ቤት የተወለደ ልጅ ጭጋግንና የበቆሎ እሸትን ያወቀው፣ የአባቱን አገር ቋንቋም ከእኩዮቹ ጋር በጨዋታ ያቀናው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ መንገድ ግን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አልኖረም። ጀኔራል ደጎል በነሐሴ 1966 ጅቡቲን በጐበኙ ጊዜ ሕዝቡ ነፃነት ጠይቆ ሰልፍ ከወጣ በኋላ፣ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከተማይቱን በሽቦ አጥር ከበባት። የመታወቂያ ወረቀት የሌለው አርብቶ አደር ወደ ወንድሙ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ፤ ከአጥሩ ውጭ የቀሩትም ባልባላ የተባለችውን ሰፈር መሠረቱ። ጅቡቲ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃ ስትወጣ ደስታው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተነሣው ጦርነት የሐዲዱ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ እስከ 1978 ተቋረጠ። የራሷን ባንዲራ ያየችው ከተማ በዚያው ወቅት የደጋውን በር ዘግታ ሰነበተች።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከእርሱ የበለጠ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የጅቡቲ ጣቢያው ከቀድሞ ሰፈሮች ርቆ በናጋድ ይገኛል። ብዙው ቤተ ሰብ ዛሬ በመኪና ይጓዛል። ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መድረሻው ነው። እንደ 2011 ያለው ድርቅ መንጋውን ሲጨርስ አስተናጋጁ ዘመድ ራሱ ወደ ከተማ ይፈልሳል። አያት ባልባላ ከገቡ ልጁ በክረምት ወዴት ይሄዳል? ግልገል የሚለይበትን፣ ሣሩን በስሙ የሚጠራበትን ትምህርት ከማን ያገኛል?

ይህ ጥያቄ እኛን መምህራንን በቀጥታ ይነካል። ልጆች በመስከረም ወደ ክፍል ሲመለሱ «ዕረፍታችሁን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብለን አንድ ገጽ አስጽፈን እናልፋለን። ከዚያ ይልቅ የጣቢያዎቹን ስም በተራ እንዲያስቀምጡ፣ የዝናቡን ወራት ከባሕሩ ዳር ጋር እንዲያነጻጽሩ፣ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የፍርድ ቃልና እንቈቅልሽ እንዲያስመዘግቡ ብናደርግ ጂኦግራፊውም ታሪኩም ሕይወት ያገኛል። ደጋ ያልወጣው ልጅም ከወጣው ጓደኛው ይማራል። በካርቲየ 2 ቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ገና በሕይወት ያሉ ሽማግሎችና አሮጊቶች የሚናገሩትን ዛሬ ያልጻፍን እንደ ሆነ፣ ነገ የምናስተምረው የሐዲዱን ርዝመት ብቻ ይሆናል፤ በሐዲዱ ላይ ማን ለምን እንደ ተጓዘ ግን የሚነግረን አናገኝም።